ትሁንና ያልታየችው ፕላኔት

የትሁንን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ለፈተና እርማት ርቄ ከርሜ፣ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ደርሼ ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ ሳስቀምጥ ልጁ ዘወር ብሎ አየኝና ኮፍያውን አወለቀ።

«ቲቸር፣ እግዜር ያጥናዎት» አለኝ።

«በማን?»

ደነገጠ። ሞተሩን አጠፋው። «አልሰሙም እንዴ? ኧረ እኔስ የሰሙ መስሎኝ ነው፣ አፈር ስሆን! ቲቸር ትሁንን እኮ ቀበርናት። ቡሬ፣ እናቷ ዘንድ። ተማሪ የነበረ ሁሉ ሄዷል፤ ባጃጅ ያለው በባጃጅ፣ የሌለው አይሱዙ ላይ ተጭኖ።»

እዚያው መናኸሪያው መሐል ቆምን። ረዳቶች «ቡሬ! ቡሬ! ባሕር ዳር!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ሰው ሻንጣውን ይዞ በጎናችን ይጋፋል። ልጁ ኮፍያውን በእጁ እያሸ፣ «ፊዚክስ አንድ ቀን እንኳ አልፌላት አላውቅም» አለኝ። «እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰነፍ ብላኝ አታውቅም።»

እውነቱን ነው። ትሁን ማንንም ሰነፍ ብላ አታውቅም። በመምህራን ስብሰባ ላይ የአንድ ተማሪ ስም ተነሥቶ «ይኼስ አይረባም» ሲባል፣ እስኪርቢቶዋን ጆሮዋ ላይ እንደ ሰካች ቀና ትልና «ገና አልረጋም» ትላለች። ሌላ ክርክር አትጨምርም። እኛም እየሳቅን ወደሚቀጥለው ስም እናልፋለን።

ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣችው ክረምቱ ሲያበቃ ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ጠፍቶ ተማሪው በዚያ ክፍለ ጊዜ ኳስ ሲጫወት ከርሞ ስለነበር፣ ርእሰ መምህሩ ወደ መምህራን ክፍል ይዘዋት ሲገቡ ሙሽራ ያመጡ ነበር የሚመስሉት። ቀጭን፣ አጠር ያለች፣ እጅጌው የተጠቀለለ ሰፊ የወንድ ሹራብ የለበሰች ሴት። አንድ በአንድ ስማችንን ነገርናት። አዳመጠችና፣ «ስም ቶሎ አይያዝልኝም፤ ለጊዜው በትምህርታችሁ ልጥራችሁ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ባዮሎጂ ሆንኩ። «ባዮሎጂ፣ እስቲ ታሪክን ጥራልኝ»፣ «ሒሳብ ዛሬ ምነው አኩርፏል?» እያለች ጊዜያዊ ያለችው ነገር ቋሚ ሆኖ ቀረ። የስፖርቱ መምህር እንኳን ወደደው።

ከመንገዱ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስወጣ ዳገት አለ። ከሷ ጋር ስወጣ መሐል ላይ ቆም ትልና አንድ ነገር ታደንቃለች። «ይኼን ዋርካ አየኸው? እንዴት አድርጎ እንደ ዘረጋ!» ትላለች። ዋርካው በየቀኑ ያው ዋርካ ነው። በሌላ ቀን የሰው አጥር ታደንቃለች፤ በሌላ ቀን የመሬቱን ቀለም። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ከንፈሯ ሲጠቁር አይቼ ገምቼ ነበር፤ የምታደንቀው ነገር ሲኖራት ሳይሆን ትንፋሽ ሲያጥራት ነው የምትቆም። እኔም አብሬ አደንቃለሁ። ስለ አንድ ዋርካ ያን ያህል ያወራ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ትውልዷ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እናቷ ከሷ በፊት የወለዷቸው ልጆች ሁሉ በሕፃንነታቸው ስለሞቱባቸው፣ እሷን ሲታቀፉ «ይቺስ ትሁን» አሉ፤ ስሟም ይኸው ሆነ። አባቷ ሲያርፉ እናቷ ቆብ ጭነው እማሆይ ወለተ ማርያም ተባሉ። ትሁን አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ፣ ስለ ኮከቦች የዶክትሬት ጥናት ጀምራ ሳለች የእናቷ ዓይን እየፈዘዘ መጣ። ጎረቤት ደውሎ «እማሆይ ምድጃ ላይ እየወደቁ ነው» ሲላት ዕቃዋን ሸክፋ መጣች። ፍኖተ ሰላም ሥራ ያዘች፤ ቅዳሜና እሑድ ቡሬ እናቷ ዘንድ ትውላለች። «ትምህርቱን ተውሽው ማለት ነው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አልተውኩትም» አለችኝ። «ይዤው ነው የመጣሁ።»

ምን ይዛ እንደ መጣች ያየነው መምህራን ክፍል ያለውን ቁም ሣጥኗን ስትከፍት ነው። ከበሩ በውስጥ በኩል አንድ ሥዕል ለጥፋለች። በጥቁር መደብ ላይ እንደ ፍም የቀላ ክብ ነገር፤ በላዩ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበቶች። የጂኦግራፊው መምህር አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ይኼ የተቃጠለ ድፎ ምንድን ነው?» አላት።

«ገና የተወለደ ኮከብ ነው» አለችው። «ኮከብ ሲወለድ ባዶውን አይወለድም። ጋዝና አቧራ ዙሪያውን እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይዞራል። ፕላኔቶች የሚሠሩት ከዚያ ነው። የኛም ምድር እንደዚያ ነው የተሠራች።»

«ጥቁር ጥቁሩስ?»

«እሱን ነው የማጠና። ማን እንደ ጠረገው።»

ጥር ላይ፣ የአውድማ ጊዜ ሲሆን፣ የወላጆችን ፈቃድ ጠይቃ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ወደ እናቷ አገር ወሰደች። «ከተማሪው ጋር ሰው ያስፈልገኛል» ብላ እኔንም አስከተለችኝ። አጎቷ አያ ምሕረቴ ጤፍ ያበራያሉ። በእበት በተለቀለቀው አውድማ ላይ በሬዎቹ እየዞሩ ነዶውን ይረግጣሉ፤ ሰውየው ከኋላ «ሆ! ሆ!» ይላሉ። ልጆቹን ዙሪያውን አቆመቻቸውና በሬዎቹ የሚሄዱበትን አሳየቻቸው። ገለባው ከእግራቸው ሥር እየሸሸ፣ በግራና በቀኝ እየተከመረ፣ መሐሉ መንገድ ሆኗል። «ሰፌዱ ላይ ያሉት ጥቁር ቀለበቶች እንደዚህ ናቸው» አለች። «አንዲት ፕላኔት እየተሠራች ኮከቡን ስትዞር መንገዷን ትጠርጋለች። እሷን አናያትም፤ ገና ትንሽ ናት፣ ሩቅ ናት። የጠረገችውን ግን እናያለን።»

አያ ምሕረቴ በሬዎቹን አቁመው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እሺ፣ በሬስ ይረግጣል» አሉ። «ያቺ የምትያት ደግሞ በምኗ ትረግጣለች? እግር አላት?»

«የላትም አያ። ትስባለች እንጂ አትረግጥም።»

«ስባማ እንዴት ታርቃለች? የሚስብ ሰው ወደ ራሱ ነው የሚሰበስብ!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ደስ አላት። ልጆቹን አውድማው ዳር ወዳለው ሜዳ አወጣችና በሦስት ክብ አሰለፈቻቸው። ከውስጥ ያሉት በፍጥነት እንዲሮጡ፣ ከውጭ ያሉት ዝግ ብለው እንዲሄዱ አዘዘች፤ «ለኮከቡ የቀረበ ይፈጥናል፣ የራቀ ይዘገያል።» በመካከለኛው ክብ ላይ ጉልበተኛ አንዲት ልጅ ብቻዋን አቆመች። «አንቺ ፕላኔት ነሽ። ከውስጥ የሚቀድምሽን ሁሉ ልብሱን ይዘሽ ወደ ኋላ ጎትቺው። ከውጭ ያለውን ስትደርሽበት ወደ ፊት ጎትቺው።» ለሌሎቹም፣ «ወደ ኋላ የተጎተተ ፍጥነቱ ይቀንስበታል፤ ስለዚህ ወደ መሐል ጠጋ ይበል። ወደ ፊት የተጎተተ ፍጥነት ያገኛል፤ ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ይዙር።»

ልጆቹ መሮጥ ጀመሩ። ጩኸቱ፣ አቧራው፣ ሳቁ! መጀመሪያ ሁሉም ተደበላለቀ፤ አንዱ ልጅ ወደቀ፣ አንዷ ሻርፗ በፕላኔቷ እጅ ቀረ። ሲዞሩ ሲዞሩ ግን ከውስጥ ያሉት ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ፣ ከውጭ ያሉት ወደ ውጭ ሰፉ፣ ያቺ ልጅ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን ስትሮጥ ቀረች። አያ ምሕረቴ ጅራፋቸውን ጣሉና አጨበጨቡ። «አቤት! ጎትታ ጎትታ ሰው አጣች!»

ትሁን ራሷ አልሮጠችም። ጎኗን ይዛ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጆቹ እያለከለኩ ሲከቧት፣ «ይኼ ለማስታወስ ነው፣ ለማረጋገጥ አይሆንም» አለቻቸው። «ለማረጋገጥ ሒሳቡን መሥራት ነው። ሰኞ እንሠራዋለን።» አጉረመረሙ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ስለ ጭንቀቷ የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ሥዕሉ ላይ ያሉት ቀለበቶች ሁለት ናቸው። የዶክትሬት አማካሪዋም፣ ከሌላ አገር አብረዋቸው የሚሠሩት ምሁራንም «ሁለት ቀለበት፣ ሁለት ፕላኔት» ብለው ጽፈዋል። ትሁን ግን የውጪውን የጠረገችው ፕላኔት የውስጡንም ራሷ ሳትከፍተው አልቀረችም ባይ ነች። ፕላኔቷ ስትዞር ጋዙ ላይ ማዕበል ታስነሣለች፤ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ሲሰበር፣ በተሰበረበት ቦታ ሌላ ክፍተት ይፈጠራል። «እሷ የሌለችበትን ቦታ ጭምር ትጠርጋለች ማለት ነው» አለችኝ።

«ካላመኑሽስ?»

«እንዲያምኑኝ አልፈልግም፤ እንዲሞክሩት ነው። መጀመሪያ ግን እኔ መሞከር አለብኝ።»

ሙከራው የሚካሄደው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ኮከቡን፣ ጋዙንና ፕላኔቷን በቁጥር አስገብታ ኮምፒዩተሩ ሌትና ቀን እያሰላ ያዞራቸዋል። ችግሩ የፍኖተ ሰላም መብራት ነው። ሥራው ገፋ ሲል ይጠፋል፤ እንደ ገና ትጀምራለች፤ እንደ ገና ይጠፋል። በመጨረሻ ያስጠጓት ጋሽ ጌጤ ናቸው። ጋሽ ጌጤ ከገበያው ጀርባ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ የሚያስነሡት የናፍጣ ጄኔሬተርም አላቸው። በልጅነታቸው የቅኔ ተማሪ ስለነበሩ ያለ ቅኔ «ደኅና ዋላችሁ» የማይሉ ሰው ናቸው። «ከጓዳዬ አስቀምጪው፤ የእህል ወፍጮ የኮከብ ወፍጮ አይነፍግም» አሏት።

በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ወደ ወፍጮ ቤቱ እንሄዳለን። ኮምፒዩተሩን በጨርቅ ብንጠቀልለውም ዱቄቱ እየገባ ማራገቢያውን ያንቀዋል። ትሁን ክዳኑን ከፍታ በቀለም ብሩሽ ስትጠርግ ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ሹራቧ ነጭ ይሆናል። አንድ ቀን ብሩሹን አስቀምጣ ሳቀች። «አቧራ ስለ አቧራ ሲያስብ እንዲህ ነው» አለች።

የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ አንድ ክፍተት ብቻ አሳየ። ሁለተኛው የለም። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ አልተለወጠም፤ ሹራቧን ብቻ አራገፈች። የዚያን ሰሞን ዋርካውንም ሳታደንቅ ዝም ብላ እየቆመች ነበር ዳገቱን የምትወጣ። ጋሽ ጌጤ፣ «ምን ሆነች ልጄ?» ሲሉ ነገሩን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ወደ ጓዳው ዘልቀው፣ «ምን ያስተክዝሻል?» አሏት። «እኔ እንደሁ ከወዲሁ ፈርጃለሁ። ፕላኔቷ አንዲት ትሁን!»

ትሁን ቀና አለች። ሁለት ጊዜ ሰማችው፤ አንድ ጊዜ እንደ ፍርድ፣ አንድ ጊዜ እንደ ስሟ። «ጋሼ፣ ወርቁን አገኘሁት» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያም ሳቀች። ያን ቀን ተመልሳ ቁጥሯን መመርመር ጀመረች።

ጥፋቱን ያገኘችው በኋላ ነው። ጋዙን ከልክ በላይ አወፍራዋለች። «እንደ ማር አድርጌው ኖሯል» አለችኝ። «ማር ውስጥ ማዕበል ሩቅ አይሄድም።» አቀጠነችውና እንደ ገና አስጀመረችው።

አንድ ጠዋት ስለ ሕዋስ እያስተማርኩ በሩ ተበረገደ። ትሁን ናት፤ ዱቄት በዱቄት ሆና፣ እያለከለከች። «ባዮሎጂ! ተከፈተ!» ብላ ጮኸች።

ኢንተርኔት ጠፍቶ የከረመበት ጊዜ ነበርና ክፍሉ በሙሉ ስልኩን መዘዘ። «ተከፈተ! ተከፈተ!» እያሉ ወደ ደጅ ወጡ። ከሌሎቹ ክፍሎችም ተማሪው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ርእሰ መምህሩ እየሮጡ መጡ። ኔትወርኩ እንዳልተከፈተ፣ የተከፈተው እጅግ ሩቅ ቦታ ያለ የአቧራ ክፍተት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ፈጀብን። ትሁን በሩን ተደግፋ ትስቅና ትንፋሽ ትፈልግ ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተናደዱባት፤ ከዚያ አንዷ፣ ያቺ ሜዳው ላይ ፕላኔት የነበረችው ልጅ፣ «ሁለተኛው ነው ቲቸር? ሁለተኛው ተከፈተ?» አለቻት። ትሁን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቱ አቀፈቻት፤ ዱቄቱ ወደሷም ተላለፈ።

ኔትወርኩም ቆይቶ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው መልእክት የአማካሪዋ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ። ጽሑፉ ሊላክ ነው፣ ስምሽም አለበት፣ ሁለት ፕላኔት ተብሏልና ተስማሚ ይላታል። ደወለችላቸው። አጠገቧ ነበርኩ። «ፕሮፌሰር፣ ሥራዬን ከፈለጉት ይውሰዱት፤ ስሜን ግን ያውጡልኝ» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። እሳቸውም፣ «እንግዲያው ራስሽ ንገሪያቸው፤ የምሁራኑ ስብሰባ ላይ አስገባሻለሁ» አሏት።

ስብሰባው በኢንተርኔት ነው። የተሻለ ኔትወርክ ያለው አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እኔ ሥራዬ ከጎን ያሉትን ቢራ ጠጪዎች ዝም ማሰኘት ነበር። ጠጪዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን የሷን እንግሊዝኛ ለመስማት ወንበራቸውን አስጠጉ። ረጋ ብላ አስረዳች፤ ሥዕሎቿን አሳየች። ስትጨርስ አንድ ሽማግሌ ምሁር፣ ኮምፒዩተር ላይማ የፈለጉትን ማስዞር ይቻላል፣ ልክ መሆንሽን በምን እናውቃለን አሏት።

«ልክ መሆኔን አላውቅም» አለች። «የምሳሳትበትን ግን ልነግርዎት እችላለሁ። በውስጠኛው ክፍተት ውስጥ ፕላኔት ካለች፣ አጠገቧ የሚያልፈውን ጋዝ መንገዱን ታጣምምበታለች። ያን ሥዕል ባነሣው ቴሌስኮፕ የጋዙን ፍጥነት እዚያ ቦታ ላይ ለኩት። ከተጣመመ ተሸንፌያለሁ። ካልተጣመመ ግን ሁለት ፕላኔት አትበሉ።»

ሰውየው፣ እንለካዋለን አሉ። አማካሪዋም ጽሑፉ እስከዚያው ይቆይ አሉ። ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ከጠጪዎቹ አንዱ ብድግ ብሎ፣ «ምን እንዳልሽ አልገባኝም እህቴ፣ ግን አልፈራሽም» አላት። ከዚያን ቀን በኋላ በዚያ ሆቴል ሻይ ጠጥታ ሒሳብ በጠየቀች ቁጥር «ተከፍሏል» ይሏት ነበር።

በሽታው የልብ ነው። በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም ታምማ፣ ሳይታከም ቀርቶ፣ ደም የሚያሳልፈውን የልቧን በር አበላሽቶታል። ይኼን የነገረችኝ ከእንግዲህ መደበቅ ሳትችል ስትቀር ነው፤ እግሯ አብጦ ነበር። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ተመዝግባ ተራ ትጠብቅ ነበር። ተራዋ የደረሰ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ሄደች፤ ሐኪሞቹ ልቡ ደክሟል፣ አሁን ቢላ አይችልም ብለው መድኃኒት ሰጥተው መለሷት።

ተቆጣሁ። በማን እንደ ተቆጣሁ አላውቅም፤ የተናገርኩት ግን እሷን ነው። «ቀደም ብለሽ ለምን አልነገርሽንም? ባዮሎጂ እያልሽ ስትጠሪኝ እንኳ አንድ ቀን!»

«ብነግራችሁማ ተማሪ ፊት ወንበር ታመጡልኝ ነበር» አለችኝ። «ቆሜ ማስተማር ነው የምወድ።» ከዚያ እጄን መታ መታ አደረገችና፣ «አውቀህ አይደል ዋርካውን ታደንቅልኝ የነበር?» አለች።

ሥራዋን ትታ እናቷ ቤት ገባች። ገጠሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ የአማካሪዋ የድምፅ መልእክት የመጣው በኔ ስልክ ነው። ሰውየው በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ «እባክህ ራሷ ትስማው» ስላሉ ከዚያ በላይ አልከፈትኩትም። ስልኬን ሞልቼ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ በባጃጅ፣ ባጃጁ ጭቃ ሲያስቸግረው በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በየመንገዱ እጄን ኪሴ ከትቼ ስልኩ መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ ባትሪው እንዳያልቅ እጸልያለሁ። ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ እየሮጥኩ ነበር።

ትሁን ከቤቱ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እናቷ አጠገቧ ናቸው። ከስታለች፤ ሹራቡ እንደ ጋቢ ሆኖባታል። ስልኩን ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አላደረገችውም፤ እናቷም እንዲሰሙ ጮክ አድርጋ ከፈተችው።

የፕሮፌሰሩ ድምፅ ተሰማ። ቴሌስኮፑ ለክቷል። የውጪው ክፍተት አጠገብ ጋዙ ጎብጧል፣ ፕላኔት እንዳለች ይጠቁማል። የውስጠኛው ላይ ግን ምንም የለም፤ ጋዙ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፍ። ጽሑፉ እንደ ገና ይጻፋል። «አንዲት ፕላኔት ብለን ነው የምንጽፍ። ከጸሐፊዎቹ የመጀመሪያው ስም ያንቺ ነው» አሉ። ከዚያ ማሳል የሚመስል ነገር አሰሙና መልእክቱ አበቃ።

ትሁን ስልኩን ደረቷ ላይ አሳረፈችው። «ልክ ነኝ ማለት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ለእይታ የማትበቃ ትንሽ ፕላኔት እዚያ ልትኖር ትችላለች። ግን... ባዮሎጂ፣ ግን!» ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ያየሁት በዱቄት ተሸፍና ክፍሌ በር ላይ የቆመች ቀን ብቻ ነው። «ለልጆቹ ንገርልኝ። ለጋሽ ጌጤም። ለአያ ምሕረቴ እኔ ራሴ እነግራለሁ፤ ማታ ይመጣል።»

እማሆይ እጃቸውን በዳበሳ ዘርግተው የልጃቸውን ጭንቅላት አገኙና፣ ወደ ጭናቸው ስበው አስተኙት። እንደዚያ ሆና ነው ትቻት የሄድኩ። ከዚያ በኋላ ለእርማት ተጠራሁ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ስመለስ ያ የባጃጅ ልጅ ኮፍያውን አወለቀ።

በማግሥቱ ለቅሶ ልደርስ ቡሬ ሄድኩ። ሰልስቱ አልፏል፤ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ እማሆይን ከበው ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። አያ ምሕረቴ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ አብረን አልቅሰን፣ አስገቡኝ። ድምፄን ሲሰሙ እማሆይ ቀና አሉ።

«ያን ድምፅ ይዘህ የመጣህ ልጅ ነህ?»

«አዎ እማሆይ። እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

«ወዲህ ና፣ አጠገቤ።» መደቡ ላይ ጠጋ አሉልኝ። ለኔ ብቻ የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«እዚች ነበር የምትቀመጥ፣ አንተ ያለህባት ላይ። መድኃኒቱ አድክሟት ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰው ስታወራኝ ድምፅዋ ያልቃል። ስለዚያ ስለ ኮከቧ ስትነግረኝ ግን ትበረታለች። እንደ ድሮዋ ትሆናለች። ታዲያ ነግራኝ ስትጨርስ በማግሥቱ ‹ረሳሁት እሜቴ፣ እስቲ ድገሚልኝ› እላታለሁ። እሷም ‹እናቴ አረጀሽ› ብላ እየሳቀች ከመጀመሪያው ትጀምርልኛለች። አንድም ቀን አልረሳሁትም ልጄ። አንድም ቀን።»

ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አያ ምሕረቴ ወደ ደጅ ወጡ።

«እስቲ ዛሬ አንተ ንገረኝ» አሉ።

እንደሷ አላውቅበትም። ቢሆንም ጀመርኩ። ኮከብ ሲወለድ ባዶውን እንደማይወለድ፣ ጋዝና አቧራ ዙሪያውን እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ እንደሚዞር ነገርኳቸው። ከአቧራው አንዲት ፕላኔት እንደምትሠራ፤ ከውስጥ የሚቀድማትን ወደ ኋላ፣ ከውጭ የሚዘገየውን ወደ ፊት እየሳበች መንገዷን እንደምትጠርግ፤ ማዕበሏ ሄዶ ሄዶ እሷ በሌለችበት ሌላ መንገድ እንደሚከፍት። እየተንተባተብኩ፣ እየተመለስኩ፣ አንዳንዱን አበላሽቼ ጨረስኩ። ውጭ አንድ ጥጃ እናቱን ይጣራል።

እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ፈልገው አገኙትና ያዝ አደረጉኝ።

«ረሳሁት ልጄ» አሉኝ። «እስቲ ድገምልኝ።»